ያ ሦስት ነጥብ

እኛ ጨለለቂ ያለን ኳስ ወዳድ ወንድሞች ቅዳሜ ከስልካችን አንለይም። በፋንታሲ ካፒቴን ያደረግነው ተጫዋች ነጥቡ እጥፍ ነው፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲውል፣ በ4 ነጥብ ቅጣት ያዛወርነውም ጎል ሳያገባ ሲወጣ ንዴቱ እሁድ አምልኮ ድረስ ይከተለናል። (አሠልጣኙ እኛን መቼ ያውቀናል!)

ማጭበርበር ሲነሳ ግን ጣታችን ወደ ሌላ ነው። ሱዋሬዝ በ2002 ዓ.ም የጋናን ኳስ ከጎል መስመር ላይ በእጁ ሲመልስ አፍሪካ በሙሉ ተቆጣ። ሰኔ 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ሲረቱ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ቅጣት ላይ የነበረው ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበር። ፊፋ 3 ነጥባችንን ወሰደ፤ ብዙ ሰው የተቆጣው በፊፋ ነው። ስህተት እንጂ ተንኮል አይደለም ተባለ፤ ይሁን። ማንም ባያይ ኖሮስ፣ ወገኖቼ፣ ነጥቡን መልሱ የሚል ከመካከላችን ይገኝ ነበር?

ምሳሌ 11 እግዚአብሔር ስለሚጸየፈው የሐሰት ሚዛን ሲናገር፣ የቡና ነጋዴው ሚዛን ለማን እንዳደላ አይጠይቅም። ለእኛ ያደላውም ሐሰት ነው።

ዋልያዎቹ ጳጉሜን ላይ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈው፣ ያ 3 ነጥብ ሳይመለስላቸው፣ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሱ።