የምላስ ዕድሜ

ጣዕም የሚባለው ነገር በመጠጡ ውስጥ ነውን፥ ወይስ በጠጪው ምላስ ላይ? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን ቢቸና ገበያ ውሎ ማምሻውን ወደ አረቄ ቤት ጎራ የሚል ሰው ሁሉ ሳያስበው ይፈርድበታል። መለኪያውን ወደ ብርሃን አንሥቶ «የዛሬው ከትናንቱ ያንሳል» ይላል። ያነሰው አረቄው ይሁን ሰውዬው ግን ማንም አይጠይቀውም። እኛም በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም አድገን፥ በኋላም በመንግሥት ሥራ ምክንያት ብዙውን ጊዜ በአዲስ አበባ የምንኖር ስለ ሆነ፥ ከግብጦ አረቄ ተነሥተን እስከ ስኮትላንድ ውስኪ ድረስ በቀመስነው ሁሉ ምላሳችን እንዴት እንደ ተለዋወጠ ለአንባቢ ልናካፍል ወደድን።

ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በአንድ በኩል የዓባይ ሸለቆ ሙቀቱን ይዞ ተዘርግቷል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ብርዱን ይልካል። በክረምት ማታ ጋቢ ብቻውን አይበቃምና አረቄ በዚህ አገር እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ማገዶ የሚቈጠርበት ጊዜ አለ።

የአረቄ አወጣጥ ለብዙ የከተማ ልጆች እንግዳ ስለ ሆነ ጥቂት ብንዘረዝረው አንባቢን አናሰለች ይሆናል። አስቀድሞ ገብስ በውሃ ርሶ፥ በቅሎ፥ ደርቆና ተፈጭቶ ብቅል ይሆናል። ከዚያም ከተወቀጠ ጌሾ ጋር ይጠነሰሳል፤ ከዳጉሳ ወይም ከበቆሎ ዱቄት የተጋገረ ቂጣም እየተቈረሰ ይጨመርበታል። ድፍድፉ ቀናት ቈይቶ ከተብላላ በኋላ በእንስራ ተደርጎ ይጣዳል፤ አፉም ይከደንና እንፋሎቱን የሚያሻግር መቃ ይገጠምለታል። የመቃው ጫፍ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ መቀበያ ዕቃ ይገባል። እንፋሎት እንዳያመልጥ መጋጠሚያው ሁሉ በጭቃ ወይም በእበት ይመረጋል። ከዚህ በኋላ የባለሙያዋ ጥበብ በእሳቱ ላይ ነው። መንፈሱ በባሕር ጠረፍ በ78 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ውሃው በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በእኛ ከፍታ ግን ሁለቱም ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላሉ። እሳቱ ከበዛ ውሃው አብሮ ይሻገርና አረቄው ይቀጥናል፤ ካነሰ ደግሞ ማገዶው ያልቃል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። ይህን ሁሉ ያለ መለኪያ መሣሪያ፥ በጆሮና በመዳፍ ብቻ የሚያውቁ ሴቶች አሉ። አንድ ጊዜ የወጣው «ተራ»፥ እንደ ገና ተጥዶ የወጣው «ዳግም» ይባላል። ዳግሙ የታመነ መሆኑን ለማሳየት ክብሪት ይጭሩበታል፤ ሰማያዊ ነበልባል ከታየ ገዢው ዝም ይላል።

ከነዚህ ባለሙያዎች አንዷ በቢቸና የጎረቤታችን እናት ነበሩ፤ እኛም «እማማ» እንላቸዋለን። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አራት ልጆች አሳድገው ለትምህርት ያበቁት በዚያች መቃ ነው። በየመንደሩ አረቄን የሚነቅፍ ሰው አይታጣም፤ ነቀፋውም እውነትነት አለው። ሆኖም በደብተርና በእርሳስ የተለወጠውን አረቄ ቈጥሮ የሚያመሰግን ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመንም።

የመጀመሪያው መለኪያችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጨረስንበት ሰሞን የቀመስነው የግብጦ አረቄ ነበር። ስለ ጣዕሙ እውነቱን እንናገር ከተባለ ጣዕም አልነበረውም፤ እሳት ነበር። ጉሮሮ አቃጠለ፥ ዐይን አስለቀሰ፥ ከዚያም በደረት ውስጥ ሙቀት ሆኖ ተቀመጠ። አብሮን የነበረው ባልንጀራችን ግን ዐይኑን ሳይጨፍን ስለ ጠጣ ሁላችንም አደነቅነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ አረቄ ስንቀምስ ከእሳቱ በስተ ጀርባ የተቈላ እህል ሽታ፥ ከምላስ ሥር የሚቀር ቀጭን ምሬት፥ በመጨረሻም የዳቦ ቅርፊት የሚመስል ጣፋጭነት አገኘን። እማማ አወጣጣቸውን እንዳልለወጡ ምለው ይናገራሉ።

ውስኪን ያወቅነው በአዲስ አበባ በአንድ የሥራ ባልደረባችን ሠርግ ላይ ነው። የቀረበው ቀዩ ጆኒ ዎከር ሲሆን በመጀመሪያ ጣፈጠን፥ ወዲያውም እንደ ቁንዶ በርበሬ ፈጀን። በኋላ ጥቁሩን ስንቀምስ ደነገጥን፤ ሽታው የልጅነታችን ነበርና። በእኛ አገር ጠላ ከመጠንሰሱ በፊት ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል። በስኮትላንድም አንዳንድ ጠማቂዎች ብቅላቸውን የሚያደርቁት በረግረግ ውስጥ ለብዙ ዘመን ተጠራቅሞ በኖረ፥ ተቈርጦም እንደ ኩበት በሚነድ የበሰበሰ ሣር ጭስ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ያመጣልን ላፍሮይግ የተባለው የአይላ ደሴት ውስኪ ደግሞ ጭሱ ከመብዛቱ የተነሣ የክሊኒክ ሽታ አለው፤ ለመውደድ አንድ ዓመት ፈጀብን። የአየርላንዱ ጄምሰን ሦስት ጊዜ የሚነጠር በመሆኑ ለስላሳ ነው፤ ለእኛ ግን ከመጠን በላይ ጨዋ ሆኖብናል።

እንግዲህ የሁለቱ አገሮች ሰዎች ሳይተዋወቁ ምን ያህል እንደ ተቀራረቡ ይታይ። የስኮትላንድ የብቅል ውስኪም እንደ ዳግም አረቄ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይነጠራል። «አረቄ» የሚለው ስም ላብ ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ከመቃው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለውን ላየ ሰው ስሙ ግልጽ ነው። «ውስኪ» ደግሞ በስኮቶችና በአይሪሾች የጥንት ቋንቋ «የሕይወት ውሃ» ማለት ነው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። በሕጋቸው መሠረት የስኮትላንድ ውስኪ ኦክ ከተባለው ዛፍ በተሠራ በርሜል ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት፤ በጠርሙሱ ላይ 12 ዓመት ተብሎ ከተጻፈም ከውስጡ አነስተኛው ዕድሜ 12 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ከበርሜሉ በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ያህሉ በንኖ ይጠፋል፤ እነሱም «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

ለፋሲካ ወደ አገር ስንወርድ ያንን ባለ 12 ዓመት ውስኪ ለእማማ ይዘን ሄድን። እንደ ልማዳቸው ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው አሸተቱ፥ ቀመሱም።

«ጋኑን ያጠነችው ሴት ሙያ አላት» አሉ።

የ12 ዓመቱን ነገር ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት እስኪሸጥ ልጆቿ ምን ይበላሉ?» ብለው ጠየቁን። ስለ በርሜልና ስለ መላእክት የተማርነው ሁሉ ለዚህ መልስ አልሆነም። ይልቁንም ውስኪው ላይ ጥቂት ውሃ ስናንጠባጥብ ሲያዩ «ውሃውን ለይቶ ለማውጣት ስንት ማገዶ ነድዶ፥ አንተ መልሰህ ትጨምርበታለህ?» አሉ። ነገሩ የሚያስቅ ቢሆንም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን የሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ኬሚስቶች ባሳተሙት ጥናት፥ ለውስኪ የጭስ ሽታ የሚሰጠው ጓያኮል የተባለው ነገር መጠጡ በውሃ ሲቀጥን ወደ ላይኛው ገጽ እንደሚጠጋ በስሌት አሳይተዋል። ለአፍንጫ የሚቀርበውም ከዚያ ነው። ጓያኮል እንጨት ሲነድም ይገኛልና የእማማ ፍርድ ከኬሚስቶቹ የራቀ አልነበረም።

ስለ ምላስም ሐኪሞች የሚሉት አለ። ጣዕም የሚለዩት የምላስ ሴሎች በየ10 ቀኑ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ግድም ይታደሳሉ። እንግዲያውስ ያንን የመጀመሪያ አረቄ የቀመሰው ምላስ ዛሬ ከእኛ ጋር የለም። ሕፃን ምሬትን የሚሸሸው መርዝ አብዛኛውን ጊዜ መራራ ስለ ሆነ ነው ይባላል፤ ምሬትን መውደድ በልምድ የሚገኝ ነው፤ ቡናም ጌሾም እንዲሁ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ማሽተት ይደክማል፥ የጣዕም ግማሹም አብሮት ይሄዳል። ይህ የተፈጥሮ መንገድ ነው። ነገር ግን ያለ ዕድሜው የሚመጣ ሌላ መንገድ አለ።

ዐይኑን ሳይጨፍን የጠጣው ባልንጀራችን በኋላ መምህር ሆነ፤ ሒሳብ ያስተምራል፥ ተማሪዎቹም ይወዱት ነበር። በዚያው ፋሲካ አግኝተነው ከውስኪው ቀዳንለት። መለኪያውን ሳያሸት፥ በምላሱም ሳያቈይ አንድ ጊዜ ጨለጠው። «እንዴት ነው?» ብንለው «ደኅና ነው» አለና መለኪያውን መለሰልን። አንድ ቀን በልጅነታችን የግብጦውን ከኮሶው፥ የኮሶውን ከማሩ አረቄ በሽታ ብቻ የሚለይልን እሱ ነበር። እጁ እንዳይታይ ከጠረጴዛው በታች ያደርገዋል፤ ጠዋት ካልቀመሰ ጠመኔ መያዝ አይችልም ይላሉ።

እማማ ከቀትር በፊት አንሸጥለትም ካሉት ቈይተዋል። ገበያቸው ነው፥ ገንዘቡም ያስፈልጋቸዋል፤ ሆኖም ከልጆቻቸው ጋር አብሮ ያደገ ነውና እጃቸው አልታዘዘላቸውም። እሱም አልተቀየማቸውም፤ ከታች ከሌላ ቤት ይገዛል። ማታ ማታ እማማ የቀኑን ሒሳብ ከጨረሱ በኋላ ከዚያ ወገን የሚመጣውን ሰው ሁሉ «ዛሬ አስተምሯል?» እያሉ ይጠይቃሉ።