በኤዴል መንደር ዙሪያ በእግር

መንገደኛን ሰው ወዴት ትሄዳለህ ብለው ቢጠይቁት ወደ ገበያ፥ ወደ ዳኛ፥ ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ክብረ በዓል እሄዳለሁ ብሎ ይመልሳል። ከእንግሊዞች ጋራ የሰነበተ ሰው ግን ሌላ ዓይነት መንገደኛ ያያል። ይኸውም በእሑድ ማለዳ ጫማውን አጥብቆ ስንቁን በጀርባው አዝሎ ተራራ ይወጣና ማታ ወደ ተነሣበት የሚመለስ ነው፤ ጉዳዩም መሄዱ ብቻ ነው። እኛም የዚህን ነገር ጣዕም ለማወቅ ስንል በደርቢሻየር አውራጃ ወደምትገኘው ኤዴል ወደምትባለው ትንሽ መንደር ሄደን ቅዳሜንና እሑድን በዚያ አሳለፍን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከማንቸስተር ከተማ በባቡር ለተነሣ ሰው ጕዞው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። ወደ መጨረሻው ባቡሩ ከ3 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የተራራ ውስጥ መተላለፊያ ይገባል፤ ጨለማው ባለቀ ጊዜም አረንጓዴ ሸለቆ በድንገት ይገለጣል። መስኩ ያለ ጭቃ በተካበ የድንጋይ ካብ ተከፋፍሎ በጎች ይሰማሩበታል። በሰሜን በኩል ኪንደር ስካውት የሚባለው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በደቡብም ረዥም ሸንተረር ተዘርግቷል። መንደሪቱ ራሷ ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት የድንጋይ ቤቶች ያሉባት የአንድ ጐዳና መንደር ናት።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ደቡቡ ሸንተረር ወጣን። መንገዱ በሰው እርሻ መካከል ያልፋል፤ እኛም ባለ እርሻው ቢቈጣንስ ብለን ፈራን። ነገር ግን በአገሩ ሕግ የሕዝብ መንገድ ተብሎ የተመዘገበውን የእግር መንገድ ባለ ርስቱ ሊዘጋው አይችልም፤ መንገደኛውም ከመንገዱ መውጣትና የከፈተውን በር ሳይዘጋ ማለፍ አይገባውም። ሁለቱ ወገኖች እንዲህ ተከባብረው ይኖራሉ።

ሸንተረሩን የሚሻገሩበት ቦታ ሆሊንስ ክሮስ ይባላል። እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ኤዴል የራሷ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበራት ሰው የሞተበት ሁሉ ሬሳውን በትከሻው ተሸክሞ ይህን ዳገት ወጥቶ በወዲያኛው ሸለቆ ባለችው ሆፕ በምትባል መንደር ያስቀብር ነበረ። ሆፕ ማለት በዛሬው እንግሊዝኛ ተስፋ ማለት ነው፤ የመንደሪቱ ስም ግን ከጥንቱ ቋንቋ የመጣ ሆኖ በኰረብታ የተከበበ ሸለቆ ማለት ነው። ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህም በኤዴል የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ስለ ተሠራ፥ በካስልተን የሚኖሩ ሴቶች ለሥራ በዚሁ መንገድ ይመላለሱ ነበረ። እኛ ለመናፈስ ስንወጣ ሦስት ጊዜ ያረፍንበትን ዳገት እነዚያ የወጡት ሬሳ ተሸክመውና የቀን ሥራ ለመሥራት ነው።

ከሆሊንስ ክሮስ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ማም ቶር የሚባለው ከፍታ ይገኛል፤ ቁመቱ 517 ሜትር ነው። በራሱ ላይ የጥንት ሰዎች የአፈር ምሽግ እስካሁን ይታያል። የምሥራቁ ጐኑ ዘወትር ስለሚናድ ሕዝቡ የሚንቀጠቀጠው ተራራ ይለዋል። ከሥሩ የነበረው የመኪና መንገድ ብዙ ጊዜ ቢጠገንም ናዳው አሸነፈና በ1979 ዓ.ም. ፈጽሞ ተዘጋ፤ አሁን የተሰባበረው ሬንጅ የእግረኛ መሄጃ ሆኗል። መንገድ ለማሠራት ኀላፊ የሆነ ሹም ሁሉ ይህን ቢያይ መልካም ነው። ከዚህ ላይ የሚታየውን የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ አንዳንዶች የሸለቆውን ውበት አበላሸ ይሉታል፤ እኛን ግን እምብዛም አላስቀየመንም። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተ ሰብ የሚበቃው የዚህ ቀን መንገድ ነው።

በማግሥቱ የወጣነው ወደ ኪንደር ስካውት ነው። በሸለቆው ራስ ላይ የያዕቆብ መሰላል የሚባል የድንጋይ ደረጃ አለ። ኦሪት ዘፍጥረትን የሚያውቅ አንባቢ መላእክት የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን መሰላል ያስብ ይሆናል፤ ስሙ የተሰጠው ግን በ18ኛው መቶ ዓመት በዚያ ይኖር ለነበረው ጃኮብ ማርሻል ለሚባል ገበሬ ነው። ፈረሱን በጠመዝማዛው መንገድ ሰድዶ እርሱ በአቋራጭ ለመውጣት ደረጃውን እንደ ጠረበ ይነገራል።

ከላይ ሲደርሱ አገሩ ሌላ ነው። እስከ 636 ሜትር የሚደርስ ሰፊ ሜዳ ነው፤ አፈሩም በደንብ ሳይበሰብስ ለብዙ ሺህ ዓመት ከተደራረበ ተክል የተሠራ ጥቍር ረግረግ ነው። በላዩ ሄዘር የሚባል፥ በእኛ ደጋ ለሚበቅለው አስታ ዘመድ የሆነ ቊጥቋጦ ይበቅላል። በዚያ ውስጥ ግራውስ የሚባሉ ቆቅ መሰል ወፎች ይኖራሉ፤ የተራራውም ታሪክ ከእነዚህ ወፎች ጋራ የተያያዘ ነው።

ቀድሞ ይህ ሜዳ የዴቮንሻየር መስፍን ርስትና የመሳፍንት አደን ቦታ ስለ ነበረ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ይጠብቁት ነበረ። ከግርጌው ባሉት በማንቸስተርና በሼፊልድ ግን ስድስት ቀን በፋብሪካ ጭስ ውስጥ የሚውል ብዙ ሕዝብ ነበረ። በ1932 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን እሑድ፥ ቤኒ ሮትማን የሚባል የ20 ዓመት ወጣት የመራቸው 400 ያህል ሰዎች ከምዕራብ በኩል ከሄይፊልድ ተነሥተው ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ከጠባቂዎቹ ጋራም ተጋጩ፤ አምስቱ ተፈርዶባቸው ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ። የሚደንቀው ከእግር ተጓዦች ማኅበሮች ብዙዎቹ ድርጊቱን ነቅፈውት ነበረ። ሕጉን የለወጠው ይህ ቀን ብቻ ነው ማለትም አይቻልም፤ ሆኖም ፍርዱ የብዙ ሰው ልብ አስቈጣ። በ1951 ዓ.ም. አገሩ የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ሕግም እንዲህ ባለው ተራራና ሜዳ ላይ ማንም በእግሩ እንዲሄድ ፈቀደ። በ2002 ዓ.ም. ሰባኛው ዓመት በታሰበ ጊዜ የዴቮንሻየር 11ኛው መስፍን በሕዝብ ፊት ቆመው በአያታቸው ዘመን ስለ ተደረገው ይቅርታ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ቃል ከትልቅ ሰው አፍ ሲወጣ በቦታው ተገኝተን ብንሰማው ደስ ባለን ነበር።

ይህን እየተጫወትን ወደ ኪንደር ፏፏቴ ደረስን። ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ነው፤ የምዕራብ ነፋስ በበረታ ጊዜ ውሃው ወደ ታች መውረዱን ትቶ እንደ ጭስ ወደ ላይ ይመለሳል። እኛም አይተነዋል፤ ልብሳችንም ርሶ ነበረ። ከዚያ በኋላ በሜዳው መካከል አቋርጠን ወደ መንደር ለመውረድ አሰብን፤ ይህም ስሕተት ነበረ። ጉም ወርዶ ሸፈነን፤ ረግረጉ ሰው በሚውጡ ጥልቅ ቦዮች የተቈራረጠ ስለ ሆነ ቀጥ ብሎ መሄድ አልተቻለም፤ ካርታ ይዘን አቅጣጫ ጠቋሚ አልያዝንም ነበረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከደከምን በኋላ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሰው፥ «ጌቶች፥ ሳይመሽ በዱካችን እንመለስ፤ ማፈር ይሻላል» አሉ። በጥቍሩ አፈር ላይ የቀረውን የራሳችንን የእግር ምልክት እየተከተልን፥ የፏፏቴውንም ድምፅ እየሰማን ወደ ዳሩ መንገድ ወጣን።

የያዕቆብን መሰላል ስንወርድ ጉሙ ከበላያችን ቀረ። በሸለቆው ውስጥ አንድ ሽማግሌ እረኛ አገኘንና የቢሮ ጫማችንን ዝም ብሎ ሲመለከት ቈየ። ከምንጩ ዳር ቁጭ ብለን ጭቃውን ለማጠብ ብንሞክር አልለቀቀም። ወደ ባቡር በገባን ጊዜ ግን ሰረገላው ከተራራ በተመለሱ ሰዎች ተሞልቶ ነበረ፤ ወለሉም ከዳር እስከ ዳር በዚያ አፈር ጠቍሮ ነበረና የእኛን ጫማ የተመለከተ ሰው አልነበረም።