የላስታ ንቦችና የልጆች መጽሐፍ

ላስታ የገባ መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ንብ መስማቱ አይቀርም፤ የዋናው ከተማ ስም ራሱ የንብ ታሪክ ነውና። ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው እንደ ከበቡት፥ እናቱም ይህን አይታ ንቦች የሕፃኑን ንጉሥነት ዐወቁ ማለቷ በገድሉ ተጽፏል፤ ስሙም ከዚህ ወጣ። ቀድሞ ሮሐ ይባል የነበረው ቦታ ኋላ በእርሱ ስም ተጠራ። ከዐለት የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎች ስለ ጻፉባቸው እኛ እዚህ አንደግመውም።

ከከተማው ወደ ሰሜን ሲሄዱ ብልባላ ጊዮርጊስ ይገኛል። ትውፊቱ በአፄ ካሌብ ዘመን እንደ ተሠራ ይናገራል። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ምእመናንም ማራቸውን ለፈውስ ይሹታል። ከደጁ ቆመን ሽቅብ ስንመለከት ከቀዳዳው ወጥተው ወደ ሜዳው ሲወርዱ አየን። አጠገባችን የነበረውን እረኛ ልጅ ከወዴት እንደሚቀስሙ ብንጠይቀው፥ «ከምንተሴው ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ያብባል» አለን። ቀፎ በምን እንደሚለቀለቅ፥ ማር ሲቈረጥ ጭሱ እንዴት እንደሚያዝ ሳናቋርጠው ነገረን። «አውራዋስ ሴት ናት ወይስ ወንድ?» ስንለው ግን ሳቀ። «አውራ እየተባለ እንዴት ሴት ይሆናል፥ የኔታ?»

ሳቁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቋንቋችን እንዲህ አስተምሮታልና። በአውሮጳም ቢሆን ቀፎውን የሚገዛው ንጉሥ ነው የሚለው አሳብ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ኖሯል። በ17ኛው መቶ ዘመን ያን ስዋመርዳም የተባለ የሆላንድ ሊቅ አውራውን ሰንጥቆ በአጉሊ መነጽር ቢመረምር ሴት ሆና አገኛት። በአበባ ወራት በአንድ ቀን ከ1000 በላይ ዕንቍላል ትጥላለች፤ የቀፎው ሕዝብ ሁሉ ልጇ ነው። እኛ አውራ የሚለው ስም ይቅር አንልም፤ የሚያምር ስም ነው። ነገር ግን ልጁ እናት መሆኗን ከየት ያንብብ?

የሀገራችን ደራስያን ለልጆች መጻፍ አላቃታቸውም። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባለው መጽሐፋቸው እንስሳትን እያናገሩ ስንቱን ተማሪ አሳድገዋል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም የሀገር ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ለልጆች አሳትመዋል፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተው ኋላም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ወደ ልጆቹ እንዲሄድ አድርገዋል። ጋሪው ብልባላ ቢደርስ የሚጫንበት የንብ መጽሐፍ ግን ከዚያው ከላስታ ሰው ብዕር ቢወጣ እንመርጣለን። ከባሕር ማዶ የመጣው ሥዕል በበረዶ ወራት በሣጥን ውስጥ ተሰብስቦ የሚከርመውን ንብ ያሳያል፤ የላስታ ልጅ ግን በረዶው ምን እንደ ሆነ ሳይገባው ገጹን ይገልጣል።

የሚጻፈው ነገር ሞልቷል። በሰባ ሊቃናት ትርጉም መጽሐፈ ምሳሌ በ6ኛው ምዕራፍ ሰነፉን ወደ ጕንዳን ከላከ በኋላ ወደ ንብም ይልከዋል፤ በዚህ ስፍራ የዕብራይስጡ ንባብ ንብን አይጠቅስም። ካርል ፎን ፍሪሽ ደግሞ ንብ ከቀፎዋ ተመልሳ በማር እንጀራው ላይ እየተወዛወዘች በመሽከርከር የአበባውን አቅጣጫና ርቀት ለእኅቶቿ እንደምትነግር ገልጦ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ተካፍሏል። ማሕሌት ቆሞ ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም። ሰሙስ? ጧፍ ከንብ ሰም ሲሠራ የሚሸተውን ሽታ የከተማ ልጆች ከፓራፊኑ መለየት እየተሳናቸው ነው፤ ይህም ይጻፍ።

አንድ ገጽ ደግሞ ለፀረ ተባይ መድኃኒት ይሁን። አበባ በያዘ እርሻ ላይ በቀትር የተረጨ መርዝ በሥራ ላይ ያለችውን ንብ ይገድላል፤ ንቦች ወደ ቀፎአቸው ከገቡ በኋላ በምሽት ቢረጭ ጉዳቱ ይቀንሳል። ይህን ገጽ ልጁ ማታ በእሳት ዳር ለአባቱ ጮኾ ሊያነብለት ይችላል።