መሬትን የሚመዝኑ አተሞች



አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲ.ኤም.ሲ ላይ ተመዝኖ፣ ያንኑ የስፕሪንግ ሚዛን ተሸክሞ እንጦጦ ጫፍ ላይ ቢወጣ ክብደቱ ያው ነው? አይደለም። ወደ 10 ግራም ያህል ይቀንሳል። በላብ የወጣውን ሳንቆጥር ማለት ነው። ምክንያቱ ከምድር እምብርት ስለራቀ ስበቱ ትንሽ መላላቱ ነው።

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። ከ900 ዓመት በፊት፣ በ515 ሂጅራ፣ አል-ኻዚኒ «ሚዛኑል ሒክማ» በተባለው መጽሐፉ ክብደት ከማዕከል ባለው ርቀት እንደሚለዋወጥ ጽፏል። ሲርቅ ይከብዳል ብሎ ነበር ያሰበው፤ አቅጣጫው ተገልብጦበታል። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ለእኛ ይህ ምን ያደርግልናል? 2017 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ፈንታሌ አካባቢ የጀመረው መንቀጥቀጥ እኛ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር። ታኅሣሥ 26 ለሊት፣ ወደ 5.7 የሚጠጋ መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ልጅ አቅፈን ደረጃ ወረድን። ግቢ ውስጥ ቆመን ስልካችን ላይ የምናነበው ወሬ ከመሬቱ በላይ ያስፈራ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነበር፦ ከታች ምን እየተንቀሳቀሰ ነው?

የሳተላይት ራዳር መሬት ሲያብጥ ወይም ሲሰነጠቅ በሴንቲ ሜትር ለክቶ ያሳያል። ከሥሩ የገባው የቀለጠ ድንጋይ ይሁን ውኃ ወይም ጋዝ ግን ብቻውን አይነግረንም። እሱን ለመለየት ክብደትን ማወቅ ይረዳል። የቀለጠ ድንጋይ ሲጨመር ከላይ ያለው ስበት በጥቂቱ ይጨምራል። ያችን ጥቂት የሚያይ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ የአተም ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሩቢዲየም አተሞች በሌዘር ብርሃን እስከ ሚሊዮንኛ ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ ይለቀቁና ይወድቃሉ። አተም እንደ ማዕበልም ይሆናልና፣ የሌዘር ምት ማዕበሉን ለሁለት መንገድ ይከፍለዋል፤ ሌላ ምት መልሶ ያገናኘዋል። ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ የሚያሳዩት ልዩነት ስበቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። በ1999 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ የስበትን መጠን ከቢሊዮን 3 እጅ በማይበልጥ ስሕተት ለኩ። እንጦጦ መውጣት ይቅርና፣ መሣሪያው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ልዩነቱ ይታወቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ መሣሪያ ጣሊያን ውስጥ ኤትና እሳተ ገሞራ ላይ ተተክሎ ከሥር ያለውን ለውጥ ተከታትሏል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በመጨረሻ እያንዳንዱ አተም ከሁለት መልስ አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እንደ ሳንቲም፣ ወይ ዘውድ ወይ ጎፈር። 100 ሳንቲም ብንጥል ስሕተታችን ከ10 አንድ ያህል ነው። 10,000 ብንጥል ከ100 አንድ። ማለትም ጥራቱን 10 እጥፍ ለማሳደግ አተሞቹን 100 እጥፍ ማብዛት ግድ ይላል። አተሞቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ እስከመሰከሩ ድረስ ከዚህ ወለል በታች መውረድ አይቻልም።

የኳንተም ዘዴው እዚህ ጋር ይገባል። አተሞቹን ለየብቻ ከመጠየቅ ይልቅ አስቀድሞ ያቆራኟቸዋል። በሁለት መስታወቶች መሐል የሚመላለስ ብርሃን በሁሉም ውስጥ ያልፋል። ማን ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ድምሩን ብቻ ይነካል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወደዚህ ሲያዘነብል የሌሎቹ ማዘንበል ያካክሰዋል፤ የድምሩ መዋዠቅም ይቀንሳል። ነፃ ስጦታ ግን አይደለም። ፊኛን በአንድ ጎን ስትጨምቁት በሌላው ጎን እንደሚያብጠው፣ ጥርጣሬው ወደማንለካው ጎን ይገፋል።

በ2016 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል አተሞችን እንዲህ አቆራኝተው፣ በተለመደው መንገድ 100 እጥፍ አተም የሚጠይቀውን ጥራት አገኙ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ማዕበላቸው በሁለት መንገድ የተከፈለ አተሞችን አቆራኝተው ከዚያ ወለል በታች ለመውረድ ቻሉ። የተገኘው ማሻሻያ ትንሽ ነው፤ በሩ ግን ተከፍቷል። ሥራው ገና የላብራቶሪ ነው። ሜዳ ላይ የመኪና መንገድ ንዝረት ብቻ ብዙ ያስቸግራል።

ወንድሞችና እህቶች፣ የስምጥ ሸለቆ የእኛ ነው፤ የሚንቀጠቀጠውም የእኛ ፎቅ ነው። አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመሬታችንን ንቅናቄ ሲመዘግብ ቆይቷል። የሳንቲሙ ሒሳብ ደግሞ ፕሮባቢሊቲ ተብሎ በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፋችሁ ውስጥ አለ። ፊዚክስን «ሥራ የለውም» ብላችሁ ለመተው የምታስቡ ካላችሁ፣ በዚያ ለሊት ግቢ ውስጥ ቆመን የጠየቅነውን ጥያቄ አስቡት። መልሱን ከወሬ ሳይሆን ከሚዛን የሚያመጣልን ሰው ከመሐላችን ይነሳል፣ ኢንሻአላህ።