ጎማ የሚበላው መንገዱ ብቻ አይደለም

መቂ ያደግን ልጆች የሽቦ መኪና ሠርተን ነድተናል። ጎማዋን ካለቀ ነጠላ ጫማ ቆርጠን፣ ረጅም መሪ ተክለንላት ከኋላ እየሮጥን። ወደ አንድ ጎን ከጎተተች ጎማውን የሚራገም አልነበረም። የፊቱን ሽቦ ጠምዘዝ አድርጎ ሁለቱን እግሮች እኩል ማስያዝ ነው፤ አለቀ።

ዛሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚወጡትን አይሱዙዎች፣ ያው "አልቃይዳ" የምንላቸውን፣ የፊት ጎማቸውን እዩ። አንዱ ጠርዝ ልጥ ብሎ ሌላው ገና አዲስ የሆነ ጎማ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሾፌሩን ብትጠይቁት "የቻይና ጎማ ነዋ!" ይላችኋል። ወይ መንገዱን ይረግማል።

መንገዱ ንጹሕ ነው አልልም። ጉድጓድ የመሪውን ዘንግ ያጣምማል። ከተጣመመ በኋላ ግን ጉድጓድ በሌለበት የሞጆ ፍጥነት መንገድ ላይም ጎማው መበላቱን አያቆምም። ጎማ መኪናው ከሚሄድበት አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ከዞረ፣ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። መቂ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ አስሉት፤ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ፍቀት! ይህ ሁሉ ደግሞ በዶላር በሚገባ ጎማ ላይ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጎማ ዋጋ ምን እንደሆነ ለባለመኪና አይነገርም። ጭማሪውን መጨረሻ የሚከፍለው ደግሞ ሽንኩርት አምራቹና ሸማቹ ናቸው።

የአላይመንት ማሽን ፍለጋ አዳማ መሄድ የሚከብደው፣ ለጊዜው ሜትር ይበቃዋል። መኪናውን ሜዳ ላይ መሪው ቀጥ ብሎ ያቁም፤ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት በጎማው እምብርት ከፍታ፣ ከፊት አንዴ ከኋላ አንዴ ይለካ። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ካለፈ ወደ ባለሙያ ነው። ኩሽኔታው ከላላ ግን ልኬቱ ራሱ ውሸት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጠበቅ።

ለቦሎ በየዓመቱ ምርመራ አለ አይደል? አብሬ በሄድኩበት አንድ ቦታ (ስሙ ይቅር) መብራትና ጡሩምባ ታየ፤ ጎማው ሥር ጎንበስ ያለ ሰው ግን አላየሁም። ከልክ በላይ በተጫነ መኪና ላይ የሚፈነዳው ደግሞ ያ ያላየነው የውስጠኛው ጠርዝ ነው። ቆሞ አይታይም። መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ፣ እጅ ሰዶ መዳሰስ ነው። ሾፌሮች፣ ዛሬ ማታ ጭነት እስኪሞላ ስትጠብቁ ዳስሱት።