ማን ጠርቶት ነው የሚመለሰው?

መስከረም አጋማሽ ላይ ሐይቅ ነበርኩ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚኖረው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ማመልከቻ ይጽፋል። "ጋሼ፣ ሰርቨሩ ታሟል፤ ቢመጡ ይሻላል" ብሎ ደወለልኝ። ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው የታመመ ሰርቨር ዘንድ ሄዶ ምን እንደሚፈይድ አላውቅም። ብቻ ሄድኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። በማስተምርበት ዘመን ክረምት በመጣ ቁጥር ቴፕ ይዤ በአምባሰል ገጠሮች እዞር ነበር። የሠርግ ዘፈን፣ የእናቶች እንጉርጉሮ፣ መንዙማ፣ ያገኘሁትን እቀዳለሁ። ድምፃቸውን ከሰጡኝ አዛውንቶች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ካሴቶቹንም እርጥበት በላቸው። የተረፉትን እየለቀመ ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ይኸው የእህቴ ልጅ ነው። ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደተቀዳ፣ መቼ እንደተቀዳ ዳታቤዝ ውስጥ አሰፈረ። ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች ገንዘብ አዋጡና ሰርቨር ተከራየን። ሰርቨር ያው ኮምፒውተር ነው፤ ልዩነቱ ሌሊትና ቀን ሳይተኛ ለጠየቀው ሁሉ መልስ መስጠቱ ነው። የኛው የተቀመጠው እኛ ረግጠነው በማናውቅ አገር ነው።

እናላችሁ ይህ ሰርቨር ቀርፋፋ ሆነ። አንድ ዘፈን ሲጠየቅ ያቃስታል። አከራዩም "ማሽናችሁ ያለ ልክ እየሠራ ነው፤ ካላስተካከላችሁ እንዘጋዋለን" የሚል ማስጠንቀቂያ ላከ።

ልጁ ወንበር ሳበልኝና መስኮቱ ላይ ያለውን ዝርዝር አሳየኝ። ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ እያንዳንዱ ሥራ ፕሮሰስ ይባላል። ቁጥር አለው፣ ባለቤት አለው፣ የወለደው ወላጅ አለው። ከሁሉ በላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በሙሉ የሚበላው "ኬዴቭቲኤምፒኤፍኤስአይ" ይባላል። የሊነክስ የራሱ የሆነ፣ "ኬዴቭቲኤምፒኤፍኤስ" የሚባል ጨዋ ፕሮሰስ አለ። ይኼኛው መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ጨምሮ ነው ዘመድ መስሎ የገባው። ስንት ዓመት የተማሪ ጽሑፍ ያረምኩ ሰው ነኝና ተንኮሉን ሳላደንቅ አላለፍኩም።

ሥራው ሞኔሮ የሚባለውን የኮምፒውተር ገንዘብ ማምረት ነው። ማሽኑ የኛ፣ ኪራዩ የኛ፣ ገቢው የማናውቀው ሰው። የሚያመጣው "ኪንሲንግ" የተባለ ተባይ ሲሆን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ስንቱን ሰርቨር እንዳስቸገረ በሙያው ያሉ ሰዎች ያውቁታል።

"ታዲያ አትገድለውም?" አልኩት።

"እገድለዋለሁ" አለና "ኪል" የሚለውን ትእዛዝ ከነቁጥሩ ጻፈ። ጠፋ። ቡና ቀረበልን። አቦሉን ጠጥተን ሳንጨርስ አዲስ ቁጥር ይዞ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ለካ ዘበኛ አለው፤ ያ ኪንሲንግ የተባለው ጎኑ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሲሞት ሌላ ያስነሣል። ሁለቱንም አንድ ላይ ገደላቸው። ደቂቃ አልሞላም፣ ሁለቱም መጡ።

ይኼኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። በልጅነቴ ቆላው ላይ የማሽላ ማሳ ነበረን። አቀንጭራ ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ብቅ ሲል እናቴ እኛን ልጆቹን ይዛ ስትነቅል ትውላለች። ደግሞ ስታዩት ያምራል! ለከርሞ ከአምናው በዝቶ ይመጣል። "ምን ዓይነት እርግማን ነው?" ትል ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺህ የሚቆጠር እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ትበትናለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይተኛል። በዝናብ ብቻ አይነቃም። የሚቀሰቅሰው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ቅመም ነው፤ "እዚህ ነኝ" የሚል ጥሪ በሉት። ዘሩ ያን ሲሰማ ይበቅልና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል። ከመሬት በላይ በታየ ጊዜ ጉዳቱን አድርሷል። እናቴ የምትነቅለው የጨረሰውን ነበር።

የወሎንኮሚው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲቀበሉ ከሚወሱላቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያን ጥሪ እምብዛም የማያሰማ ማሽላ አዳቀሉ። ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፤ ግን የሚቀሰቅሰው አጣ። አገራችን ከገቡት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ፣ ሌላው አብሽር ይባላሉ። "አብሽር" ወሎ ውስጥ የማበረታቻ ቃል መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም።

ይህን ሁሉ አወራሁለትና "የኛስ ማን ጠርቶት ነው የሚመለሰው?" አልኩት።

"ክሮን ውስጥ አለ" አለ ቀስ ብሎ። ክሮን የሰርቨሩ የሰዓት ሰሌዳ ነው፤ ይህን ሥራ በዚህ ሰዓት አስነሣ ተብሎ የሚጻፍበት። አንዲት መስመር አሳየኝ። በየደቂቃው ወደ አንድ ሩቅ አድራሻ ሂድ፣ ትእዛዙን አምጣ፣ ፈጽም ትላለች። የሚመጣው ትእዛዝ መጀመሪያ የሚያደርገው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሌሎች መሰል ሌቦች ካሉ እየፈለገ ያባርራል። ቤታችንን ከሌባ የሚጠብቅልን ሌባ!

"መስመሯን ማን ጻፋት?"

ዝም አለ። ወለሉን አየ። ከዚያ የፕሮሰሱን ባለቤት በጣቱ አመለከተኝ፤ የዳታቤዙ ስም ነው። "በዳታቤዙ በር ነው የገባው፣ ጋሼ።"

አስታወስኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ማዶ ያሉ የድሮ ተማሪዎቼ የዘፈኖቹን ዝርዝር ሊያርሙልን ፈልገው ፓስወርዱ አስቸገረን ብለው ነበር። እኔ ተቆጣሁ። "የወሎ ቤት በር ለእንግዳ ተዘግቶ አያውቅም! ክፈተው!" አልኩ። እሱም "እሺ" ብሎ ከፈተው። እንዲህ የተከፈተበት ቅንብር በእንግሊዝኛ "ትረስት" ይባላል፤ እምነት ማለት ነው። የዳታቤዙ አዛዥ ነኝ ያለን ሁሉ ማስረጃ ሳይጠይቅ ያምናል። አዛዡ ደግሞ ከዳታቤዙ አልፎ ኮምፒውተሩን ማዘዝ ይችላል። በሩ ክፍት መሆኑን ያየው ሰው እንኳ አይደለም፤ ሌሊትና ቀን የዓለምን በር ሁሉ እየገፋ የሚያይ ፕሮግራም ነው።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ሦስት ወር ይሆነዋል።"

ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ እየተነሣ ሲገድል ከርሟል። አንድ ዓረፍተ ነገር ከሚነግረኝ ያን ሁሉ እንቅልፍ ማጣት ቀለለው። ነውር ነዋ! አጎት አይታረምም። ክሮን ውስጥ ካለችው መስመር ይልቅ ያንን ተባይ ያቆየው የልጁ "እሺ" ነው። "እሺ"ን ያስተማርነው ደግሞ እኛ ነን።

በዚያች ቀን ተቀምጠን ሠራን። እሱ ሠራ፤ እኔ ተቀመጥኩ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ የውጩን በር ዘጋ። ቀጥሎ ፕሮሰሶቹን ሳይገድል ባሉበት እንዲደነዝዙ አዘዘ፤ የሞተ ሲያይ ሌላ የሚያስነሣው ዘበኛ እንዳይባንን ነው። ከዚያ የክሮኗን መስመር ፋቀ፣ የተደበቁትን ፋይሎች አጠፋ። ግድያው የመጨረሻው ሆነ። ደቂቃ ጠበቅን። አምስት ደቂቃ። አልመጣም።

"በቃ ዳነ?"

"አልዳነም ጋሼ። ባዕድ ያደረበት ቤት አይታመንም፤ ሌላ ምን እንደደበቀ አናውቅም። ዘፈኖቹን አውጥተን፣ መርምረን፣ ሰርቨሩን እንደ አዲስ መጫን አለብን።"

ሌላ ቦታ ቅጂ እንዳላቸው ጠየቅሁት። አልነበራቸውም። ያን ሌሊት እየገለበጠ ነጋ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወጥቼ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አቅጣጫ ስመለከት፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጻፉትን ወንጌል አሰብኩ። አባቶቻችን መጽሐፍ ሲያጽፉ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ገዝተው ጽፈዋል፤ እንግዳ እየተቀበሉም መቆለፍ ያውቁ ነበር። ያ ወንጌል በኋላ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ቅጂው አዲስ አበባም ሚኒሶታም ተቀምጧል። እኔ ይህን ለተማሪዎች ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የአምባሰልን እናቶች ድምፅ ግን ባንድ ማሽን ላይ፣ በሩን ከፍቼ ትቼዋለሁ።

አዲሱ ሰርቨር ከተነሣ ሳምንት በኋላ ደወልኩለት። ተባዩ እንዳልተመለሰ፣ ቅጂው ሁለት ቦታ እንደተቀመጠ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ፓስወርድ እንደተሰጠ ነገረኝ። አንድ የዘፈን ርእስ ላርም ፈልጌ አልሆን እንዳለኝ ገለጽኩለት።

"ለእርስዎ ማየትና ማዳመጥ ብቻ ነው የፈቀድኩት፣ ጋሼ" አለ። ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። "እርማቱን ይንገሩኝና እኔ አስገባዋለሁ። አብሽሩ።"

ምን እላለሁ? "እሺ" አልኩ።