ጀልባ በአስፋልት ወደ ሐዋሳ

ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ሌላ ቦታ የተሠራ የሞተር ጀልባ አሞራ ገደል የሚደርሰው በመኪና ነው፤ ከአዲስ አበባ ከሆነም 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ።

ጎታቹ ያገለገለ፣ በባሌስትራና በጎማ ከፍ የተደረገ ፒክአፕ ከሆነ እንጠንቀቅ። የተሳቢው ፊት ወደ ላይ ይነሳል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ጅራቱ ይወዛወዛል። መፍትሔው ተሳቢውን ከመንገዱ ጋር የሚያስተካክል፣ ዝቅ ያለ መጎተቻ ነው። ከጀልባውና ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ይረፍ። የፍሬን ሸራውን እንፈትሽ፤ መጠባበቂያ ሰንሰለቱን እንሰር፤ ከፊታችን ካለው መኪናም እንራቅ።

ሻሸመኔን ስናልፍ ልጆች አስፋልቱን ያቋርጣሉ፤ ነፍሳቸው በእጃችን ያለች አማና ናት።